የሚሞሪ ካርድ ሕክምና በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፤ ከሊኑክስ አንጻር የተደረገ ጥናት

አዳማ ውስጥ ለታመመ ሚሞሪ ካርድ አንድ መድኃኒት ብቻ ይታዘዛል፤ እሱም ፎርማት ነው። ስልኩ አላነብም ቢል ፎርማት፣ ዘፈኑ ከመሃል ቢዘል ፎርማት፣ የሠርግ ፎቶ ቫይረስ ቢበላው ፎርማት። ካርዱ ምንም ሳይሆን ባለቤቱን ቢከፋውም ሐኪሙ ከዚህ አይወጣም። ይህ ጥናት መድኃኒቱ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በሚሠራበት ኮምፒውተር ሲሰጥ ምን እንደሚፈጠር ይመረምራል። የጥናቱ ሜዳ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ያሉት የሞባይል ሱቆች ሲሆኑ፣ ለንጽጽር ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ተጨምረዋል። ንጽጽሩ ብዙ አላደከመም፤ በሁሉም ከተማ ሐኪሙ አንድ ወጣት ነው፣ ክሊኒኩም አንዲት የመስታወት ሣጥን። በርዕሱ ላይ ቀደም ያለ ጥናት አላገኘንም፤ አልፈለግንምም።

በሽተኛውን እናስተዋውቅ። ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ርዝመቱ 15፣ ወርዱ 11፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ታላቅ ወንድሙን ኤስዲ ካርድን ሳንዲስክ፣ ፓናሶኒክና ቶሺባ ተስማምተው ለዓለም ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር፤ በዚያው ዓመት የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ መግባቱን አጥኚው ለኋላ ይዞታል። ታናሹ እ.ኤ.አ. በ2005 ማይክሮ ኤስዲ ተባለ። ከዚያ ወዲህ በባጃጁ ቴፕ፣ በጁስ ቤቱ ስፒከር፣ ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ በሚወጣው አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ይኖራል፤ በየጊዜውም ዘፈን ሊያስጭን ወደ መስታወቱ ሣጥን ይመለሳል፣ ሲመለስም ከሌሎች ካርዶች በሽታ ይዞ ይሄዳል።

የመድኃኒቱን ባሕርይ ለመረዳት ወደ እ.ኤ.አ. 1977 ማፈግፈግ ግድ ነው። በዚያ ዓመት የማይክሮሶፍቱ ማርክ ማክዶናልድ ፋት የተባለውን የፋይል አያያዝ ሠራ። አሠራሩ የቀበሌ መዝገብ ነው፦ በየትኛው የቤት ቁጥር ማን እንደሚኖር የሚያሳየው ሰንጠረዥ ከፊት ይቀመጣል፣ ነዋሪው ከኋላ ይሰፍራል። ፈጣን ፎርማት ማለት መዝገቡን ቀዶ ባዶ መዝገብ መተካት ነው። ነዋሪው ግን አልተነሣም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ይሰማል። አዲስ መጪ በላዩ ላይ እስኪሰፍርበት ድረስ ፎቶሬክን የመሰለ ነጻ ፕሮግራም ቤት ለቤት እያንኳኳ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ብሎ ሚሞሪውን የሚሸጥ ጎረምሳ የቀድሞ ፍቅረኛውን ፎቶ አብሮ መርቆ መሸጡ ነው።

ስለ ካርዱ ስም ጥቂት ማለት ይገባል፤ አካባቢው በዚህ ረገድ ከማንም የበለጠ ልምድ አለውና። ሊኑክስ ላይ ፋትሌብል የሚባል ትእዛዝ አለ። የካርዱን ስም ይለውጣል፣ አንድም ፋይል አይነካም። አዳማን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናዝሬት አሏት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አዳማ ተብላ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ ባቱ ተባሉ። የሚኒባሱ ረዳት ግን ዛሬም አዲስ አበባ ላይ ቆሞ «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያለ ይጠራል፤ ተሳፋሪውም 99 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዳማ ይወርዳል። እስካሁን ተሳስቶ ገሊላ የገባ የለም። ወደ ካርዱ ስንመለስ፣ ፋት ለስም የሚፈቅደው 11 ቦታ ብቻ ነው፤ በ1999 ዩኒኮድ የገባው ፊደላችንም እዚያ ቦታ ላይ አይገባም። በኋላ በመጣው ኤክስፋት ላይ ይገባል። «የጋሼ ሚሞሪ» ከነክፍተቱ 7 ነውና አራት ቦታ ይተርፈዋል።

ወደ ዋናው ግኝት እንለፍ። በሸለቆው በብዛት የታየው ሕመም ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት የሚሆንበት ነው። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች «ድብቅ» የሚል ምልክት ለጥፎ ይሸሽጋቸዋል፤ በቦታቸውም ሲነኩት ራሱን ቫይረሱን የሚያስነሣ ሾርትከት ያቆማል። ዊንዶውስ ምልክቱን አክብሮ ፎልደሮቹን አላየሁም ይላል። ሊኑክስ ግን በፋት ካርድ ላይ ለተለጠፈ የመደበቂያ ምልክት ደንታ የለውም፤ የተደበቀውንም ያልተደበቀውንም አንድ ላይ ዘርግቶ ያሳያል። ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስም እሱ ዘንድ ሲደርስ ቋንቋው የማይሰማለት እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል።

የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ ይዘው የመጡ እናት ለዚህ ጥሩ ናሙና ናቸው። ሐኪሙ ካርዱን ከዊንዶውስ ላይ ነቅሎ፣ «እናቴ፣ ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት ነው የሚያዋጣው» አለ። ቻርጀር ሊገዛ የቆመ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ የጫነበትን ላፕቶፕ አውጥቶ ሰካው። ሙሽራዋ ከነሚዜዎቿ ፈገግ ብላ ተገኘች።

«ታዲያ ምኑን በላው?» ሲሉ ጠየቁ እናትየዋ።

«ምንም አልበላም እናቴ፣ ደብቆት ነው።»

«የሚደብቅማ ሊበላ አስቦ ነው! ፎርማት አድርጉልኝ።»

ተማሪው ፎቶውን ገለበጠላቸው፣ ሐኪሙም ፎርማት አደረገ፣ ሒሳብ ተከፈለ። ከዚህ የምንረዳው ፎርማት ከበሽታው ጋር የግድ መገናኘት እንደሌለበት ነው።

የሊኑክሱ የፎርማት ሥርዓት ራሱ ሰፊ ምዕራፍ ይወጣዋል። ዲስክስ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቶ በማውስ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ በማድረግ መጨረስ ይቻላል። ይህን መንገድ የሚመርጥ ተማሪ ግን የለም፤ ሰው እየተመለከተው ጥቁሩን ተርሚናል የማይከፍት ሊኑክስን ለምን ተማረ? መጀመሪያ ኤልኤስብሎክ ብሎ ዲስኮቹን ይቆጥራል። የኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ ብዙ ጊዜ ኤስዲኤ፣ በካርድ ሪደር የገባው ሚሞሪ ኤስዲቢ ይባላል። የሱቁን ሙሉ ንብረትና የባጃጁን ዘፈን የሚለያቸው አንድ ፊደል ነው። ፎርማት የሚያደርገው ኤምኬኤፍኤስ በሥራ ላይ ያለ ዲስክ ቢሰጡት እምቢ ይላል፤ ዲዲ የሚባለው ገልባጭ ግን የታዘዘውን «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ሳይል የሚፈጽም ሎሌ ነው።

ቀጥሎ የአለቃን ሥልጣን የሚያሰጠው ሱዶ የተባለ ትእዛዝ ይመጣል። ሱዶ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚጻፈውን በኮከብም በነጥብም አያሳይም፤ ደንበኛው አንገቱን አስግጎ «ኪቦርዱ ሞቷል እንዴ?» ይላል። በአንዳንዱ ሊኑክስ ላይ ሱዶ ለጀማሪ ሦስት ምክር ይመክራል፤ አንደኛው የሰውን ምስጢር አክብር የሚል ነው፣ በመስታወቱ ሣጥን ዙሪያ በእንግሊዝኛ መጻፉ በጀ። ከሁሉ የከበደው ግን ፍጻሜው ነው። ሊኑክስ ሥራው ሲሳካለት ዝም የማለት ልማድ አለው፤ ፎርማት አድራጊው የራሱን የሥሪት ቁጥር ጠቅሶ ይመለሳል፣ ሌላ ቃል የለም።

«ምን አለህ?»

«ምንም አላለም ጋሼ። አልቋል።»

«ምንም ካላለ ምኑ አለቀ?»

ይህ ጠባይ ሄልሲንኪ ውስጥ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ ተማሪ ሆኖ ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ሲያደርግ፣ ችግር አልነበረውም ይሆናል። አዳማ ላይ ሥራ ሠርቶ ያልተናገረ አልሠራም። በዚህ መሃል መብራት ይሄዳል። ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ አዳማ 1 እና አዳማ 2 የነፋስ ማመንጫዎች 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘው ይሽከረከራሉ፤ ደንበኛው ወደ እነሱ እያየ፣ ሐኪሙ ወደ ደንበኛው እያየ ይጠባበቃሉ።

ተማሪዎች የሚፈጽሙት ልዩ በደልም አለ፤ ካርዱን ኤክስት 4 በተባለው የሊኑክስ የራሱ አያያዝ ፎርማት ያደርጉታል። ኤክስት 4 በልማዱ ከቦታው 5 በመቶውን ሩት ለተባለው አለቃ አስቀድሞ ይቀንሳል፤ ደላላም ከዚህ ያነሰ ይጠይቃል። የጠፋና የተገኘ ዕቃ ማስቀመጫ የሚሆን ባዶ ፎልደርም ያዘጋጃል። ካርዱ ወደ ባጃጁ ሲመለስ ግን ቴፑ ሚሞሪ አልገባም ብሎ ይሟገታል። ቴፑ ከፋት ዓይነቶች የሚያውቀው ፋት 32ን ነው። ሊኑክስ ለሸለቆው ያበረከተው እውነተኛ ጥቅም የተገኘውም እዚህ ላይ ነው፦ የዊንዶውስ ፎርማት መስኮት ለዓመታት ከ32 ጊጋ በላይ የሆነን ካርድ በፋት 32 አላደርግም ሲል፣ ሊኑክስ 64ቱንም 128ቱንም ያለ ክርክር ያደርገዋል። ጉዳቱ በፋት 32 ላይ አንድ ፋይል 4 ጊጋ መሙላት አለመቻሉ ነው። ሙሉ ሠርግ በአንድ ፋይል ከመጣ ግልበጣው መልሱ ላይ ሳይደርስ ይቆማል። አማቶቹም ይህንን ካንድ ወገን የመጣ ንቀት አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ።

የቀረው የሐሰተኛው ካርድ ጉዳይ ነው። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተጽፎ ሆዱ ውስጥ 8 ብቻ ያለው ካርድ በገበያው አለ። ዋሾው ጽሑፉ ብቻ አይደለም፤ ካርዱን የሚመራው ቺፕ ራሱ ለኮምፒውተሩ «64 ነኝ» ብሎ ይምላል። ስምንቱ ሲሞላ ቀጥሎ የመጣው ዘፈን ወይ ይጠፋል ወይ የቀደመውን ይደመስሳል፤ ፎርማትም አያድነውም። ሊኑክስ ላይ ኤፍ 3 የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነብና የጎደለውን ይናገራል። እውነተኛውን መጠን ብቻ ከፍሎ የሚያስቀር ትእዛዝም አብሮት ይመጣል።

አንድ ተማሪ ይህን ሁሉ በቅን ልብ ለአንድ ጎልማሳ የባጃጅ ሹፌር ሠራለት። ካርዱ 8 ሆኖ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ዘፈን የማይጠፋበት የታመነ 8።

«ቀሪው 56 የት ገባ?» አለ ሹፌሩ።

«ድሮም አልነበረም ጋሼ።»

«64 ብዬ ነው የሰጠሁህ፤ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው!»

ሰው ተሰበሰበ። ተማሪው ላፕቶፑን አጥፎ ወጣ። የመስታወቱ ሣጥን ሐኪም ነገሩን ሰምቶ ካርዱን ተቀበለ፣ ስልክ ውስጥ አስገብቶ በስልኩ ፎርማት አደረገው፤ ስልኩም እንደገና 64 ብሎ ጻፈ። ሹፌሩ የፎርማቱን ሒሳብ ከነጉርሻው ከፈለና ዘፈን እንዲጫንለት አዘዘ፤ እስኪሞላ ድረስ።