ላየን ኪንግ በቅኔ ቤት ሚዛን

እንደገና የተሠራ ፊልም ፍርዱን የሚያገኘው ገና ሳይከፈት ነው። ይህ የጥናቱ የመጀመሪያ ግኝት ሲሆን ለማረጋገጥም ብዙ አላደከመም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ያለችው ደምበጫ በአረቄዋ ትታወቃለች። በየቤቱ ቴሌቪዥን ፊት የሚሰየመው ችሎቷ ግን እስካሁን ተመራማሪ አላገኘም። ችሎቱ ሦስት ትውልድ ያስቀምጣል፤ አያት መደብ ላይ፣ ወላጅ በርጩማ ላይ፣ ልጆች መሬት ላይ። ብይኑ አንድ ነው፦ «የድሮው ይሻላል!» አዲሱን ያላየ ዳኛ ከመፍረድ አይከለከልም። እንዲያውም ያላየው ነው ጠንከር ብሎ የሚናገረው፤ ማስረጃ አያዘናጋውም።

ለምርመራ የተመረጠው መዝገብ ላየን ኪንግ ነው። ፊልሙ ዘፈን አለው፣ አያትና የልጅ ልጅ አብረው ያዩታል፣ ታሪኩም አጎት ወንድሙን ገድሎ የወንድሙን ልጅ ከአባቱ ርስት ያባረረበት ነው። የሌላ አገር ሃያሲ ይህን ለማስረዳት የሼክስፒርን ሃምሌት ይጠቅሳል፤ የፊልሙ ሠሪዎችም ዝምድናውን አልደበቁም። የጎጃም ተመልካች ግን የርስት ክርክር ለማወቅ ዴንማርክ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ በእጅ የተሳለ ካርቱን ነው። ሮጀር አለርስና ሮብ ሚንኮፍ አዘጋጁት፤ የዘፈኖቹን ዜማ ኤልተን ጆን፣ ግጥሙን ቲም ራይስ፣ የጀርባ ሙዚቃውን ሐንስ ዚመር ደረሱት። ሁለት ኦስካር ያገኘ ሲሆን ሁለቱም በሙዚቃ ነው። ርዝመቱ 88 ደቂቃ። እ.ኤ.አ. በ2019 ጆን ፋቭሮ በኮምፒውተር ምስል እንደገና ሠራው። ርዝመቱ 118 ደቂቃ ሆነ፤ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይም አስገባ። ለኦስካር የታጨው በምስል ጥበቡ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሳያገኝ ቀረ።

የፈረንጅ ሃያሲ እንዲህ ያለውን ፊልም በኮከብ ይመዝናል፤ ለአንዱ ሁለት፣ ለሌላው አራት። ኮከብ መቁጠር በአገራችን የሌላ ሙያ ስለሆነ ይህ ጥናት ሥራውን ለባለቤቶቹ ትቶ የራሱን መሣሪያ ፈልጓል። ሩቅ መሄድም አላስፈለገም። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሰሉ ጉባኤ ቤቶችን ያፈራ አገር አሮጌን ነገር እንደገና ስለመሥራት ሁለት ሕግ አስቀምጧል፤ ሁለቱም ከሆሊውድ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማሉ።

አንዱ የዜማ ሕግ ነው። ከቅዱስ ያሬድ የወረደው ድጓ እንደ ተቀበሉት ይዜማል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን ከሠሩለት ወዲህ ደግሞ ከፊደሉ በላይ የተቀመጠችው ምልክት ዘማሪውን ትጠብቀዋለች። እኔ ላሳምረው ያለ ተማሪ የሚጠብቀው ምስጋና አይደለም። ሌላው የቅኔ ሕግ ነው፤ የፊተኛው ተቃራኒ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ መወድስ ስምንት፤ ልኩ አይነካም። በልኩ ውስጥ የሚገባው ግን ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም። ተማሪው ቀን ሲቆጥር ውሎ ማታ ለመምህሩ ሲነግር የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ከተገኘ፣ እሱ እንኳ ቢረሳው ጓደኞቹ አይረሱለትም።

እንግዲህ አሮጌ ፊልም እንደገና የሚሠራ ሰው ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ፤ ወይ እንደ ድጓ ይጠብቅ፣ ወይ እንደ ቅኔ በአሮጌው ልክ አዲስ ይቁጠር። የፋቭሮ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መጠበቅ የሌለበትን ጠብቆ፣ መጠበቅ ያለበትን ለወጠ።

መክፈቻውን እንይ። ፀሐይ ትወጣለች፣ ሌቦ ኤም በዙሉ ቋንቋ ይጣራል፣ እንስሳቱ ይሰበሰባሉ፣ ዝንጀሮው ግልገሉን አንሥቶ ያሳያል። በ2019ኙም ፀሐይዋ በዚያው በኩል ትወጣለች፣ ዝንጀሮውም በዚያው ቋጥኝ ላይ ቆሞ ያነሣል፤ የካሜራው ዐይን ሳይቀር የት ይቆም እንደነበር ተጠንቅቆ ተቀድቷል። አዘጋጁ ራሱ እንደ ገለጸው ከፊልሙ ሁሉ በእውነተኛ ካሜራ የተቀረጸችው ይህች የመጀመሪያዋ የንጋት ምስል ብቻ ናት፤ የቀረው በኮምፒውተር የተፈጠረ ነው። «እውነተኛ አንበሳ የሚመስል» እየተባለ በተመሰገነው ፊልም ውስጥ እውነተኛዋ ፀሐይ ብቻ መሆኗ በችሎቱ መዝገብ ሰፍሯል።

ከዚያ ፊቱ ይመጣል። የ1994ቱ ግልገል ሲምባ ሲያዝን ቅንድቡ ይወርዳል፣ ጆሮው ይተኛል፣ ዐይኑ እንባ ያቀርራል፤ አንበሳ ቅንድብ እንደሌለው የሚያስታውስ የለም። የ2019ኙ ሲምባ አባቱ ሲሞትም፣ አባጨጓሬ ሲበላም፣ ሲያፈቅርም ያው አንድ ፊት ነው። ሠሪዎቹ እውነተኛ አንበሳ በሚችለው ልክ እንዲንቀሳቀስ ወስነው ነበርና ውሳኔያቸውን አክብረዋል። በዚህ ነጥብ ላይ በደምበጫ አንድ ቤት የሚነሣው ክርክር በአጭሩ ይህን ይመስላል።

«አሁን ይኸ አንበሳ አዝኗል ወይስ ጠግቧል?» ትላለች አያት።

«እማየ፣ እውነተኛ አንበሳ እኮ እንዲህ ነው።»

«እውነተኛ አንበሳማ አይዘፍንም፤ ዝም ይላል።»

የፊልም ንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ገጽ ጽፈዋል። ከእማየ የጨመሩት እምብዛም ነው።

መጠበቅ የነበረበትና ያልተጠበቀው ዘፈኑ ነው። ኤልተን ጆንን ለኦስካር ያበቃው የፍቅር ዘፈን በስሙም በግጥሙም ስለ ምሽት የሚናገር ነው፤ በ1994ቱም አመሻሽ ላይ ጀምሮ ጨለማው ይወርድበታል። በ2019 ዶናልድ ግሎቨርና ቢዮንሴ ይህንኑ የምሽት ዘፈን ፀሐይ አናት ላይ እያለች ይዘፍኑታል። ድምፃቸው እንከን የለውም። ሰዓቱ ግን እረኛ ምሳውን የሚፈታበት ነው። ማሕሌት የቆመ ሰው ይህን ስሕተት ለማየት መነጽር አያስፈልገውም፤ የዋዜማው በዋዜማ፣ የሠርኩ በሠርክ ይባላል እንጂ ቀትር ላይ የሌሊቱን አያነሡም።

ክፉው አጎት ስካር የበለጠ ተበድሏል። በድሮው ፊልም ጅቦቹን እንደ ጦር አሰልፎ የሚያዘምርበት ረጅም ዘፈን ነበረው፤ ልጆች የሚፈሩትም የሚወዱትም እሱን ነበር። በአዲሱ ዘፈኑ አጥሮ ግማሹ ንግግር ሆኗል። ቺወቴል ኤጂዮፎር ትልቅ ተዋናይ ነውና በንግግሩ ያስፈራል፤ ነገር ግን የሙዚቃ ፊልም ውስጥ ያለን ባለጋራ ዘፈኑን ቀምቶ «ክፋትህን በንግግር አስረዳ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ጥናቱ ስካርን ባይወደውም ይግባኝ እንዲባልለት ይጠይቃል።

ስለ ስካር ከተነሣ አይቀር፣ አንድ የአገር ጉዳይ አለ። የ1994ቱ ስካር ጋማው ጥቁር ነው፤ የሲምባ አባት ደጉ ሙፋሳ ቀይ። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በ1940 ዓ.ም. በተቋቋመው የአንበሳ ግቢ የኖሩት የኢትዮጵያ አንበሶች ደግሞ በጥቁር ጋማቸው የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረ መል ጥናትም ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። በሌላ አነጋገር የዓለም ልጆች ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሲፈሩት የኖሩት የእኛን አገር ጋማ ነው። የ2019ኙ ስካር ጋማው ሳስቶና ደብዝዞ መምጣቱ ለዚህ የተሰጠ ካሣ መሆን አለመሆኑን አዘጋጁ አልገለጸም።

ችሎቱ ያለ አንዳች ተቃውሞ የተቀበለው ነገር ቢኖር የሙፋሳን ድምፅ ነው። ሁለቱንም ጊዜ የተናገረው ጄምስ ኧርል ጆንስ ነበር፤ ሁለት ፊልም፣ ሃያ አምስት ዓመት፣ አንድ አባት።

እዚህ ላይ «የድሮው» የሚባለው ነገር ራሱ መመርመር ይኖርበታል፤ ጥናት ነውና። የሲምባ ጓደኞች ቲሞንና ፑምባ ጫካ ውስጥ የሚያንጎራጉሩት የተኛው አንበሳ ዘፈን በ1994 አልተፈጠረም። ደቡብ አፍሪካዊው ሰሎሞን ሊንዳ እ.ኤ.አ. በ1939 ጆሃንስበርግ ውስጥ «ምቡቤ» ብሎ ያስቀረጸው ነው። መብቱን በ10 ሽልንግ ሸጦ እ.ኤ.አ. በ1962 በድህነት ሞተ፤ ዘፈኑ ግን አሜሪካ ገብቶ ስም ለውጦ ዓለምን ዞረ። ልጆቹ በ2004 ዲዝኒን ከሰው በ2006 በስምምነት ጨረሱ። የሌላውን የነገረ በቅኔ ቤት ያፍራል፤ በሙዚቃው ገበያ ግን ሲከበርበት ኖሯል። እንደገና በተሠራ ፊልም ላይ የሚፈርድ ሰው «ይሻላል» ወይም «አይሻልም» ከማለቱ በፊት «የማን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ለፍትሕ ይቀርባል።

የቅኔውን ሕግ በሌላኛው ጫፍ፣ ልኩን በመንካት የጣሰም አለ። አኒ እ.ኤ.አ. በ1924 የጋዜጣ ሥዕላዊ ታሪክ ሆና ተወለደች፣ በ1977 የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቲያትር፣ በ1982 የጆን ሂዩስተን ፊልም ሆነች። ቲያትሩና ፊልሙ ወላጅ አልባዋን ልጅ ያስቀመጧት አሜሪካ ሥራ አጥታ በራበችበት በ1930ዎቹ ነው፤ ስለ ነገ የምትዘፍነውም ለዚያ ነው። በ2014 ዊል ግላክ እንደገና ሲሠራት ባለጸጋውን የሞባይል ስልክ ነጋዴ አደረገውና ረኃቡን ከታሪኩ አወጣው። ልጅቷ ኩቨንዣኔ ዋሊስ ጥሩ ትጫወታለች፤ በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ስለ ደላው ግን የነገ ተስፋዋ ማረፊያ አጣ። ፊልሙ በዓመቱ ለመጥፎ ፊልሞች በሚሰጠው የራዚ ሽልማት ከቅጂዎችና ከተከታዮች ሁሉ የከፋ ተብሏል።

የደምበጫ ችሎት አንበሳውን በቀላሉ ፈርዶ ያሰናብታል፤ ጎራዴ የሚመዘዘው ፍቅር እስከ መቃብር ሲነሣ ነው። የልብ ወለዱ ጀግና የበዛብህ የትውልድ ቦታ ማንኩሳ ያው አውራ መንገድ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ወደ ቡሬ ሲቀጥል ትገኛለች፤ ነገሩ የጎረቤት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለዱን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙት፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። ታሪኩ በቅርቡ ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርብ «ሰብለ ወንጌል እንዲህ አይደለችም» ያለው ዳኛ ሰብለን አይቷት አያውቅም። ሲገፋ «መጽሐፉ እንዲህ አይልም» ይላል፤ ጠጋ ብሎ የጠየቀው ሰው የሚደርስበት ግን መጽሐፉ ዘንድ ሳይሆን ወጋየሁ ዘንድ ነው። የብዙ ሰው ጉዱ ካሣ የሚናገረው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ስለዚህ ከአዲሱ የሚከላከሉት «የድሮው» ራሱ መጽሐፉን እንደገና የሠራ ሥራ ነው፤ ያውም በሚገባ የሠራ። ወጋየሁ እንደ ዜማ ሕግ ቃሉን ጠበቀ፣ ትንፋሹን ግን የራሱ አደረገ።

የቅኔውን ሕግ የጠበቀው ድምፃዊው ቴዎድሮስ ካሣሁን ነው። በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በተባለው አልበሙ ውስጥ ያካተተው «ማር እስከ ጧፍ» የልብ ወለዱን ፍቅር ይዞ የተሠራ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልተርከው አላለም፤ ልኩን ወስዶ የራሱን ቆጠረ። በዚህ ሥራ ላይ በደምበጫ «የመጽሐፉ ይሻላል» ብሎ የተነሣ ዳኛ ጥናቱ አላገኘም። ዘፈንና መጽሐፍ አይወዳደሩም የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ካርቱንና የኮምፒውተር አንበሳ ይወዳደራሉ ያለው ግን ማን እንደሆነ ያስረዳ።

ብይን፦ የ2019ኙ ላየን ኪንግ በዜማ ሕግ ሲመዘን የምሽቱን ዘፈን ቀትር ላይ በማለቱና የስካርን በመቁረጡ ጥፋተኛ ነው። በቅኔ ሕግ ሲመዘን የሌላውን ቅኔ ቃል በቃል ነግሯል፤ መምህሩ «ይህን ሰምቼዋለሁ፣ ሂድና ቁጠር» ብሎ ይመልሰዋል። ሣሩ፣ ውኃውና የአንበሳው ፀጉር ግን ያምራሉ፤ ይህ አይካድም።

ልጆች ያሉባቸው ቤቶች አስቀድመው የ1994ቱን ያሳዩ። ከአዲሱ በ30 ደቂቃ ያጥራል፤ 30 ደቂቃ ለሒሳብ የቤት ሥራ ይበቃል።