በቀኝ በኩል አጉርሱኝ

ሰው ስኳር ሲቀንስ ወይ ሐኪም ከልክሎት ነው፣ ወይ ዋጋው ንሮበት። እኔን የከለከለኝ ግን አንድ የግራ መንጋጋዬ ነው። ቆሎ ቢሰጡት ይከካል፣ አጥንት ቢሰጡት ይቆረጥማል፤ ማር ጠብ ሲልበት ግን እስከ ጆሮዬ ይነዝረኛል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ጭጭ!

አስቸጋሪው ሠርግ ላይ ነው። ሙሽሮች ኬክ ሲያጎርሱ "በቀኝ በኩል ይሁንልኝ" አይባልም። ክሬሙ ሄዶ ግራዬ ላይ ተለጠፈ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የሙሽራዋ እናት አይተው "ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው!" ብለው አቀፉኝ።

መድኃኒት አዋቂ ሞልቷል። አንዱ ቅርንፉድ ንከስበት ይላል፤ ሌላው አረቄ ያዝበት። (ይህን የመከረኝ ወዳጄ አብሮኝ ይይዛል፤ የሱ ጥርስ ደህና ነው።) ጎረቤታችን እማማ ደግሞ "ትል ነው" ብለው ፈረዱ።

የጥርስ ሐኪሟ ትሉን አላገኘችውም። የጥርስ የላይ ልባስ፣ ኢናሜል የሚሉት፣ በሰውነታችን ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ነርቭም የለው። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን በዓይን የማይታዩ፣ ፈሳሽ የያዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ሞልተውበታል። ስኳር ያንን ፈሳሽ ወደ ውጭ ሲስበው ውስጥ የተኛው ነርቭ ይባንናል።

ልባሱን ማን ገፈፈው ታዲያ? መቦርቦር ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ሎሚና ለስላሳ ያሳሱታል፤ ሌሊት ማፋጨትም ይፍቀዋል። (ባለቤቴ "ታፋጫለህ" ትለኛለች፤ ማስረጃ አላቀረበችም።) ድድ ሲሸሽ ደግሞ ኢናሜል የሌለው ሥር ይጋለጣል፤ ጥርሱን ጫማ እንደሚወለውል ሊስትሮ የሚፈትግ ሰው ድዱ ቢሸሸው አይፈረድበትም።

የእኔስ? ድሮ የተሞላ ጥርስ ነው፤ የሙሌቱ ጠርዝ ተከፍቶ ጣፋጩ በዚያ ይሾልካል። ሕመሙ ወዲያው መተዉ ደግ ነው አለችኝ ሐኪሟ፤ ጣፋጩ ከተዋጠ በኋላም የሚቆይ ወይም ሌሊት ሳይነኩት የሚቀሰቅስ ቢሆን ኖሮ ነርቩ ራሱ ታሟል ማለት ነበር፤ ለዚያ ቀጠሮ አይጠበቅም።

"ስኳሩን ልተወው?" አልኳት።

"የአንተስ የሙሌት ነው። ግን ሌሎቹ እንዳይቦረቦሩ ቀንስ።"

ቤት ገብቼ ለቤተሰቦቼ "የሙሌት ነው" የሚለውን ብቻ ነገርኳቸው።