የኋላ ፍሬን ማዕረግ

የሰፈራችን ጋሼ የኮሮላ ዲኤክሳቸውን የኋላ ከበሮ ፍሬን አስፈትተው ዲስክ አስገጠሙ። እሰየው! ከ40 ዓመት በላይ ላገለገለች መኪና ጌጥ ሲያንሳት ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ነው፤ ግን ለፊተኛው ማን ያጨበጭባል? የኋላው ከልኩ በላይ ጎብዞ ቀድሞ ጎማ ከቆለፈማ፣ መኪናዋ በዝናብ ቀን ዞራ የመጣችበትን መንገድ ታያለች። ጋሼ ይህንን «ስፖርት» ይሉታል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ከአዲሱ ዲስክ ጋር አልገጠመም፤ ስለዚህ እንጦጦ ዳገት ላይ የሚያቆማት ድንጋይ ከኋላ ተጭኖ አብሯቸው ይዞራል።

ጎሚኒዎቹም በፖሊዩረቴን ተተኩ። አሁን መኪናዋ አትዋልልም፤ ይህን አልክድም። የድሮው ላስቲክ ግን የመንገዱን ክፋት አለዝቦ ነበር የሚያወራው፤ ይኼኛው እንደ ነገረኛ ጎረቤት እያንዳንዷን ጉድጓድ ቃል በቃል ለወገብ ያደርሳል። ግሪስ ሲጎድለው ደግሞ ሲጥ ሲጥ ይላል።

መካኒኩ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ «የፊት ሸራው እኮ አልቋል» አላቸው።

«እሱ ለክላውዶ ይደርሳል።»