አንዲት የጤፍ ፍሬ

ባለፈው እሑድ፣ እዚህ ዴንቨር፣ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ጠርቶኝ ቡናው ሳይቀርብ አምስት የሪቮልቨር ጥይቶች ጠረጴዛው ላይ አቆመልኝ። በውፍረታቸው ነው የደረደራቸው፤ የመጨረሻው አውራ ጣቴን ሊያክል ምንም አልቀረው። «ይሄ ለአጋዘን፣ ይሄ ለኤልክ፣ ይሄ ለጎሽ፣ ይሄ ለግሪዝሊ ድብ» አለኝ እየነካካ። «አምስተኛውስ?» ብለው፣ «እሱማ… ምን ይታወቃል!» አለኝ። አርቆ አሳቢነቱን አደነቅሁ። ሰውየው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ግሪዝሊ ያየው አንድ ቀን ነው፤ እሱንም መካነ አራዊት ውስጥ፣ ከመስታወት ጀርባ፣ ተኝቶ።

ባልደረባዬ ሱፍ በልክ እንደሚያሰፋ ሰው ጥይት በልክ ከሚያሰፉት ወገን ነው። ከሱቅ የሚገዛው ነጥብ 44 ማግነም ለእነሱ የሕፃን መጫወቻ ነው። የጥበቡ አባት ጆን ላይንባው የሚባል የኮዲ፣ ዋዮሚንግ ጠመንጃ ሠሪ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የዊንቸስተርን ነጥብ 348 የጠመንጃ ቀለህ አሳጥሮ ነጥብ 500ን ሠራ። ቆይቶ ደግሞ «ይህ ቀለህ ከገበያ ቢጠፋስ?» ብሎ ሰጋና የ1873ቱን የአሜሪካ ጦር ጥይት፣ የ45-70ን ቀለህ ቆርጦ ነጥብ 475ን ወለደ። የጠመንጃ ፋብሪካው ብራውኒንግ ግን የነጥብ 348ቱን አሮጌ ጠመንጃ እንደገና ስላመረተው የተፈራው ቀለህ ሳይጠፋ ቀረ። ስለዚህ ሁለቱም ጥይቶች ኖሩ፤ ክርክሩም አብሯቸው ኖረ። ላይንባውን አላማም፣ እጁ የተባረከ ባለሙያ ነበር። እኔን የሚገርመኝ የተከራካሪዎቹ ትጋት ነው። የነጥብ 475 አረር ስፋቱ 12.07 ሚሊሜትር ነው፤ የነጥብ 500ው 12.95። ልዩነቱ አንዲት የጤፍ ፍሬ ነው። ነጭ ይሁን ሰርገኛ፣ አንዲት ፍሬ! ግሪዝሊ በአንዲት የጤፍ ፍሬ ሐሳቡን የሚቀይር ፍጡር መሆኑን እነዚህ ሰዎች ባይደርሱልን ኖሮ ማን ይነግረን ነበር?

ስሙም ቢሆን ጉድ ነው። ነጥብ 44 የሚሉት ሲለካ ነጥብ 429 ኢንች ሆኖ ይገኛል። በ2001 የወጣው የሩገር ነጥብ 480 አረሩ ያው ነጥብ 475 ነው፤ ያጠረው ቀለሁ ነው። የላይንባው ነጥብ 500 ደግሞ በተራው ነጥብ 510 ነው። በእኛ ገበያ ሚዛን እንዲህ የሚጫወትበት ነጋዴ ሱቁ ይታሸግበታል። ባሩዱም ሁለት ጎራ አለው፤ ኤች 110 የሚሉና ዊንቸስተር 296 የሚሉ። ባልደረባዬ የፊተኛው ወገን ነው፤ «የኛው ንጹሕ ሆኖ ይቃጠላል» ይላል። ሁለቱ በሁለት ጣሳ የሚሸጡ አንድ ባሩድ ናቸው። ይህን ስነግረው ዘሩን የሰደብኩበት ያህል ዝም አለኝ።

ቀመሩ ግን ከሁሉም ይብሳል። «ፖንዶሮ» የሚሉት አየርላንዳዊው አዳኝ ጆን ቴይለር በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ስሌት ትቶላቸዋል። የአረሩን ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን በጫማ በሰከንድ፣ ስፋቱን በኢንች ይዞ ማባዛት፣ ከዚያ ለ7,000 ማካፈል። ቴይለር ያሰበው ለዝሆን ራስ ነበር፤ አንጎሉን ለጥቂት የሳተ ጥይት ዝሆኑን ምን ያህል እንደሚያፈዘው ለመገመት። የዛሬዎቹ ግን ሽጉጥ ከሽጉጥ ያፎካክሩበታል። ባልደረባዬ ወረቀት አውጥቶ ሠራልኝ፤ 435 ግሬን፣ በሰከንድ 1,300 ጫማ፣ ስፋቱ ነጥብ 510፤ ውጤቱ 41። ዓይኑ በራ። እኔም ወረቀቱን ተቀበልኩትና ኳስ አሰላሁበት። 430 ግራም የምትመዝን የእግር ኳስ በሰከንድ 25 ሜትር ስትለጋ 670 ገደማ መጣ። የሰፈራችን ልጅ የሚመታው ቅጣት ምት የላይንባውን ሽጉጥ አሥራ ስድስት ጊዜ አስከነዳው። «ኳስ ቆዳ አይበሳም!» ብሎ ተቆጣ። እኔ መቼ ይበሳል አልኩ? ቀመሩን ይጠይቅ።

ተግባራዊ ጥቅሙን ካነሳን፣ በ2003 የወጣው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 500፣ ባለ ረጅም አፈሙዙ፣ ሁለት ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሁለት ኪሎ ስኳር ወገብ ላይ አስሮ ተራራ መውጣት ለጤና ጥሩ ነው። ቀለሁ ወፍራም ስለሆነ ለስድስተኛው ቦታ የለም፤ አምስት ጎራሽ ነው። ቀለል ያለ ሽጉጥ ከሆነ ደግሞ ግፊቱ እጅ መትቶ ብቻ አይተውም፤ ገና ያልተተኮሱትን አረሮች ከቀለሃቸው ወደ ፊት ያስወጣቸዋል። አንዱ ብቅ ካለ ጥይት መያዣው አልዞርም ይላል። ድቡ እየጋለበ ሲመጣ ሽጉጡ በገዛ ፈቃዱ ተኩስ አቁም አወጀ ማለት ነው።

ባልደረባዬ መለማመጃ ቦታ ወስዶኝ በእሱ ሽጉጥ አንዴ ተኩሻለሁ። መዳፌ ላይ መዶሻ ያረፈ መሰለኝ፤ አፈሙዙ ሽቅብ ጣሪያውን አየ። የዒላማው ወረቀት ከሱቅ እንደመጣ ንጹሕ ነበር። ለሁለተኛው ስዘጋጅ ቃታውን ሳልስብ ዓይኔ ቀድሞ ተጨፈነ። «ይለመዳል» አለኝ ባልደረባዬ። የእሱንም ወረቀት አየሁት፤ ገና እየለመደ ነው።

ስለ ድብ ማባረሪያው የበርበሬ መርጫ ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው። አላስካ ውስጥ ከ1985 እስከ 2006 የተመዘገቡ ገጠመኞችን የመረመረ፣ በ2008 የታተመ ጥናት አለ። የበርበሬ መርጫ ቡናማ ድብን 92 በመቶ ያህል ከሥራው አስቁሞታል፤ መርጫውን ይዘው ከድብ ጋር በቅርብ ከተገጣጠሙት 98 በመቶው ሳይቆስሉ ተመልሰዋል። ቆርቆሮው ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ውስጡ ያለው የሚጥሚጣ የሥጋ ዘመድ ነው። ባልደረባዬ ቁጥሩን አልካደም። «ግን ምን ወግ አለው?» አለኝ።

እዚህ ላይ አዘንኩለት፤ ልክ ነዋ። በእኛ አገር ዝሆን የጣለ ሰው ጆሮው ላይ ሎቲ አንጠልጥሎ ይፎክር ነበር፤ ምንም እንኳ የሚፎክረው ከጣለ በኋላ ቢሆን። «ዘራፍ! በርበሬ ነስናሹ፣ ቆርቆሮ ጨባጩ!» ተብሎ እንዴት ይፎከራል?

ሰሞኑን አዲስ ሐሳብ ይዟል። በነጥብ 475ና በነጥብ 500 መካከል ክፍተት አለ ይላል፤ እዚያ መሐል የምትገባ ጥይት በልክ ሊያሰፋ ነው። ሠሪው አንድ ዓመት ጠብቅ ብሎታል። እስከዚያው ወደ የሎውስቶን ሲወጡ ቆርቆሮውን የምትይዘው ሚስቱ ናት።