ውሃ ያልገባበት ወተት

ሰንዳፋ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል አንድ አረም አለ። አበባው ቢጫ፣ የቅጠሉ ጠርዝ እሾህ ቢጤ፤ ቀንጠስ ሲያደርጉት ነጭ ወተት ያፈሳል። ስሙን የማያጠፋው የለም። ጠበቃም የለውምና ዛሬ እኔ ቆሜለታለሁ፤ በነጻ።

«ምን ዓይነት ወተት ነው፣ ለሰው የማይሆን!» አሉ አንድ ወተት ነጋዴ።

ጋሼ፣ ቢያንስ ውሃ አልገባበትም!

«ታዲያ ለምን ይጠቅማል?»

በብዙ አገር የእጅ ኪንታሮት ላይ ጠብ ያደርጉታል። ያድናል ወይ ላሉት ሐኪም ይጠየቅ፤ እርስዎና እኔ ዝም እንበል።

«ያለ ፈቃድ ይበቅላል» አለ ደግሞ አንድ ደላላ። አይ አንተ! ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ያለ ፈቃድ የሚበቅለው እሱ ብቻ ሆነና ነው? እሱ እንኳ አንዱን ቦታ ለሦስት ሰው አልሸጠም።

«ቆሻሻ ይወዳል» ያለችው የአዲስ አበባ ልጅ ናት። እውነት ነው፣ የተቆፈረና የተጣለ መሬት ይወዳል። ግን እታለም፣ በ2008 ዓ.ም. የከተማሽን ቆሻሻ በመኪና ጭኖ ሰንዳፋ ያመጣው አረሙ ነበር? በፈረንሳይ ገንዘብ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠራ ተባለ፤ ገበሬው ሽታው ገደለን፣ ከብቶቻችን አለቁ ብሎ ተነሣ፤ በዚያው ክረምት ተዘጋ። መኪናው ወደ አሮጌው የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። እዚህ ላይ አልተርብም።

የግብርና ባለሙያው «ፀረ አረሙ ቱፎርዲ ይረጭበት» ይላል። ስንዴና ጤፍ ላይ ይሁንልህ። ባቄላ መሐል ገብቶ ሲጠብቅህስ? ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ነው የሚፈጀው፤ ባቄላውም ምስሩም አብረው ይሄዳሉ። ያኔ አረም የሌለበት ማሳ ይኖርሃል፤ እህልም የሌለበት።

አንዲት እናት ደግሞ «ዘመድ የለሽ!» ብለው ሰደቡት። እማማ፣ ዘመዶቹን ቢያውቁ ወንበር ይስቡለት ነበር! ሰላጣ የቅርብ ዘመዱ ናት፤ ግንዷን ሲቆርጡት እሷም ወተት ታወጣለች። አደይ አበባ፣ ኑግ፣ ሱፍ፣ ጋን የሚያጥቡበት ግራዋ ሳይቀር ቤተሰብ ናቸው። ከመርካቶ በብር ገዝተው አራስ ቤት የሚያጨሱት ቀበሪቾስ? እሱም የዚሁ ዘር ነው፤ ያውም ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይበቅልም። የሚፈለገው ሥሩ በመሆኑ በተቆፈረ ቁጥር ተክሉ ይሞታል፤ ተክቶ የሚዘራ ግን ብዙም የለም። የምንወደውን ዘመድ እየጨረስን በማንወደው እንማረራለን።

«ኧረ ማን ይበላዋል?» አሉኝ እማማ አሁንም። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ቀቅለው ከሥጋ ጋር ይበሉታል። እኛ ሳማ ስንበላ ማን ሳቀብን?

ደንበኛዬ ግን በአንድ ክስ ጥፋተኛ ነው። አበባው ጥጥ ካበቀለ በኋላ ነፋስ ዘሩን ይዞ የማንንም ድንበር ሳይጠይቅ ይገባል። ስለዚህ ሰንዳፋዎች፣ ጥጥ ሳያወጣ በቢጫነቱ ንቀሉትና ለላሚቱ ስጧት። ከተበተነ በኋላ ጎረቤት መክሰስ አይሠራም።