ይሂድልን፤ ከዚያ እንወደዋለን

የሁምቦ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ተበላ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ትንሽ ትሁን እንጂ ፍትሕ አልጎደለባትም። ዲኤስቲቪ ያስገባ ሻይ ቤት ሁሉ ችሎት ነው። መዝገብ አይከፈትበትም፣ ምስክር አይጠራበትም፣ ተከሳሹም በሌለበት ይፈረድበታል፤ ውሳኔው ግን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። ተከሳሹ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ከሶዶው የእግር ኳስ ክለብ ከወላይታ ድቻ የተሰናበተ አሰልጣኝ። ክሱም ተለውጦ አያውቅም፤ "ለመሆኑ ምን ሠርቶልን ሄደ?"

ችሎቱ የሚመራበት ሕግ ጠበቃ አያስቀጥርም። ሦስት አንቀጽ ብቻ አለው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ያሸነፉት ልጆቹና ደጋፊው ናቸው። ቡድኑ ሲሸነፍ የተሸነፈው አሰልጣኙ ነው። አሰልጣኙ ተሰናብቶ በቦታው የመጣውም ከተሸነፈ ደግሞ የፊተኞቹ ሁለት አንቀጾች ይሻሩና የተሰናበተው "እሱ እኮ አባት ነበር!" ይባልለታል። ስለዚህ አንድ አሰልጣኝ በእርግጠኝነት የሚወደድበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ መባረር።

ይህን ሕግ ቀድመው የቀመሱት አሰልጣኝ መሳይ ተፈሪ ናቸው። ድቻ የተመሠረተው በ2001 ዓ.ም. ነው። ክለቡ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ወደ ፕሪምየር ሊግ ሲያድግ፣ ነባሮቹ የአዲስ አበባ ክለቦች "ድቻ ደግሞ የት ያለ ነው?" ብለው ሲጠይቁ፣ አሰልጣኙ እሳቸው ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ መከላከያን በመለያ ምት አሸንፈው የኢትዮጵያ ዋንጫን ወደ ሶዶ አመጡ። ዋንጫው ክለቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መድረክ የሚያሻግር ነበር።

ዋንጫ ይዞ የመጣ ሰው ምን ይደረግለታል? ይሸኛል። የ2010 ዓ.ም. የውድድር ዓመት ገና ሲጀመር ውጤት ራቀ፣ ፊት ጠቆረ፣ ክለቡና አሰልጣኙም ተለያዩ። ወደ አፍሪካ የሚያስገባውን በር የከፈቱት ሰው በሩን ሳያልፉ ቀሩ፤ አሰልጣኝ ዘላለም ሽፈራው ቦታቸውን ተረከቡ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የችሎቱን ዳኞች እስከ ዛሬ እንቅልፍ የነሳ ጉዳይ ነው። ድቻ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አልፎ ከግብፁ ዛማሌክ ጋር ተገናኘ። ዛማሌክ ማለት አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው። ሐዋሳ ላይ ድቻ 2 ለ 1 አሸነፈ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ተሸነፈና ጨዋታው ወደ መለያ ምት ሄደ፤ የጦና ንቦች የሚባሉት ድቻዎች 4 ለ 3 አሸንፈው ዛማሌክን ከነታሪኩ አሰናበቱት።

ታዲያ ይህ ድል የማን ነው? አንዱ ወገን ተነስቶ፣ "መሳይ ዋንጫውን ባያመጣ ካይሮን በካርታ እንጂ በእግራችሁ አታውቋትም ነበር" ይላል። ሁለተኛው ጠረጴዛውን ደብድቦ፣ "በመሳይ እጅ ብንሄድማ አራት ተቆጥሮብን እንመለስ ነበር! የዘላለም ነው!" ይላል። ዚማሞቶን ማንም አያነሳውም፤ ዛንዚባር ሄዶ መፎከር አይመችም። ክርክሩ ሲከር ከጥግ አንድ ሰው ብድግ ይላል። ይህ ሰው መለያ ምቱ ሲጀመር "ማየት አልችልም" ብሎ ከቤት ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ፣ ነጠላ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ቆሞ የነበረ ነው። ድቻ ሁለተኛውን ምት ሲያገባ ጫማውን እንዳላደረገ ትዝ አለው፤ እስከ መጨረሻው ምት ድረስም አላደረገውም። ዛማሌክን የጣለው ያ ባዶ እግር መሆኑን ዛሬም በሙሉ ልቡ ያምናል። "መሳይም አይደለም፣ ዘላለምም አይደለም" ይላል፤ "እኛ ነን!" ጭብጨባው ይቀልጣል። ሁለቱም አሰልጣኞች በአንድ ድምፅ ከድሉ ተሰናበቱ ማለት ነው።

ድሉን ደጋፊው ከወሰደ ወዲያ ችሎቱ ፈጣን ይሆናል። በመጋቢት ማብቂያ ላይ የታንዛኒያው ያንጋ ዳሬሰላም ላይ ድቻን 2 ለ 0 አሸነፈ። ድቻ ሐዋሳ ላይ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም በድምር ውጤት ወደቀ። እንግዲህ ልብ ይባል፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ዛማሌክን የጣለው ደጋፊው ነበር፤ ያንጋ የጣለው ግን አሰልጣኙን ነው። አንቀጽ ሁለት ያለ ይግባኝ ሥራ ላይ ዋለ። ውሎ አድሮ ዘላለምም ተሸኙ፤ እንደተሸኙም ተናፈቁ። በ2013 ዓ.ም. ተመልሰው ሲመጡ እልል ተባለ፤ ዳግም ሲሸኙ ደግሞ ዳግም ተናፈቁ። በአንድ ክለብ ሁለት ጊዜ ለመወደድ የበቃ አሰልጣኝ በየጊዜው አይገኝም፤ ሁለት ጊዜ የተሸኘም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ፀጋዬ ኪዳነማርያም፣ ያሬድ ገመቹና ሌሎችም በተራቸው ወንበሩን ሞክረውታል። እያንዳንዳቸው የገቡት ከሳቸው በፊት የነበረው ሰው "ገደለን" በተባለ ማግስት ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ሰው "እሱ ይሻለን ነበር" ተብሎ ተናፍቋል።

ተበላ ለዚህ ጥበብ የፈጠራ መብት መጠየቅ አትችልም። አገሩ ሁሉ ይካፈለዋል። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሱት ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 የተሸነፈው ቡድን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች ሱዳንን አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ከሜዳ ውጭ ባስቆጠራቸው ጎሎች ብዛት አለፈ። በዚያች ሌሊት በአዲስ አበባ ያልጮኸ የመኪና ጥሩምባ አልነበረም። ቡድኑ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር አንድ እኩል ወጥቶ፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ቢመለስ እንኳ ፍቅሩ አልቀዘቀዘም፤ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻ ዙርም ደረሰ። ከዚያ በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች የሚዘጋጀው የአፍሪካ ውድድር፣ ቻን፣ መጣ። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ ዜሮ ጎል። በ2006 ዓ.ም. አጋማሽ ሰውነት ተሰናበቱ፤ ያ ሁሉ የጥሩምባ ድምፅ የት እንደገባ ማንም አልጠየቀም። አዲሱ ፖርቱጋላዊ ማሪያኖ ባሬቶ ተሞክረው ሲያልቁ ግን "ሰውነት እኮ!" የሚለው እንጉርጉሮ በየካፌው ተመልሶ መጣ።

በዚያው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ መካከል የተከሰተ አንድ ነገር ችሎቱ ምን እንደማይዳኝ በደንብ ያሳያል። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቦትስዋናን ሎባትሴ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈች። ይሁን እንጂ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣት የነበረበት ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ነበርና ፊፋ ውጤቱን ሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 አደረገው፤ ሦስት ነጥብ እንደ ጉም በነነ። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አምኗል። የካርድ ቁጥር የሚመዘገበው በወረቀት ነው፣ ወረቀቱም ያለው በቢሮ ነው። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ "ጸሐፊው ይውረድ" ብሎ ሲዘምር ግን የሰማ የለም። ዜማ የሚወጣው ለአሰልጣኝ ብቻ ነው። ለመዝገብ ቤት ዜማ አይስማማም።

የአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ነገርም ከዚህ አይርቅም። ብሔራዊ ቡድኑን፣ ዋልያዎቹን፣ በድጋሚ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ወሰዱ፤ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ቡድናቸው ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ያ የኢትዮጵያ የሜዳ ጨዋታ የተካሄደው የት ነው? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። የአገሪቱ ስታዲየሞች በካፍ መስፈርት ስላልጸደቁ ግብፅን በባዕድ ምድር ነው ያሸነፍነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ውበቱ ከኃላፊነት ሲለቁ ሻይ ቤቱ የመከላከል ስልታቸውን በጠረጴዛ ላይ በስኳር ፓኬት እየሣለ ተነተነ። ሣር ሳይተከል፣ መቀመጫ ሳይቆጠር፣ መልበሻ ክፍል ሳይታደስ ስለቀረው ሜዳ የተነሳ የስኳር ፓኬት የለም።

ከባሕር ማዶ ምስክር ለሚፈልግም አርሴን ቬንገር አሉ። የአርሰናል ደጋፊ በኢትዮጵያ ሊቆጠር ስለማይችል ነገሩ የቤተ ዘመድ ጉዳይ ነው። ሰውየው ከ1996 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ለ22 ዓመት ክለቡን መሩ፤ በ2003/04 የውድድር ዘመን አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፉ ሻምፒዮን ሆኑ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት "ቬንገር ይውጣ" የሚለው መፈክር ከለንደን አልፎ በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. በሐራሬ ጎዳና፣ ሙጋቤን ለማውረድ በወጣው ሕዝብ መካከል ሳይቀር ታየ። በ2023 እ.ኤ.አ. ክለቡ ከስታዲየሙ ደጅ ሐውልት አቆመላቸው። መፈክሩን ይዞ የነበረው ሰው ዛሬ ሐውልቱ ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ "ያ ዘመን!" ብሎም ይጽፍበታል።

የተበላው ችሎት ከዚህ ሁሉ የሚለይበት አንድ ብልጫ ግን አለው፤ ከለንደኑም ይፈጥናል። የ2017 ዓ.ም. መጋቢት ይመስክር። መሳይ ተፈሪ፣ እኚያ "ምን ሠርቶልን ሄደ" የተባሉት ሰው፣ ፋሲል ከነማንና አርባ ምንጭ ከተማን አሠልጥነው የዋልያዎቹ ዋና አሰልጣኝ ሆነው ነበር። ዓርብ መጋቢት 12 ቀን ካዛብላንካ ላይ፣ አሁንም በባዕድ ሜዳ፣ በግብፅ 2 ለ 0 ተሸነፉ። "ድሮም እኮ እናውቀዋለን" ተባለ። ሰኞ መጋቢት 15 ቀን ጅቡቲን 6 ለ 1 አሸነፉ። "እኛ ያሳደግነው ሰው!" ተባለ። ከዓርብ እስከ ሰኞ ሦስት ቀን ነው፤ አንድ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ከሶዶ ተባሮ ሶዶ ተወለደ።

ደጋፊው ስለ አሰልጣኙ ያልመረመረው ነገር የለም፤ አለባበሱን፣ አቋቋሙን፣ ተቀያሪ ያስገባበትን ደቂቃ ሳይቀር። ውሉን ግን አያውቀውም። ለስንት ዓመት እንደፈረመ፣ ምን ውጤት ቃል እንደገባ፣ ተጫዋች የመምረጥ ሥልጣን እንደነበረው ወይም እንዳልነበረው፣ ሲሰናበት ካሳ እንደተከፈለው ወይም ዕዳ እንደቀረ ችሎቱ ጠይቆ አያውቅም። አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች የሚተዳደሩት ከመንግሥት በጀት ወይም ከመንግሥት ድርጅት ካዝና በሚወጣ ገንዘብ ነው። ይህ ማለት የአሰልጣኙን ደመወዝም ሆነ የስንብት ካሳውን በመጨረሻ የሚከፍለው ያው "አስወጡልን" ብሎ የሚጮኸው ግብር ከፋይ ነው። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲወጣ እንኳ ደጋፊው ያንን ቁጥር ቃል በቃል ይዞት ነበር። የገዛ ክለቡ በአምስት ዓመት ውስጥ አሰልጣኝ ለመቀያየር ምን ያህል እንዳወጣ የሚነግረው ቁጥር ግን ዛሬም የለውም። አልጠየቀማ!

አሠልጣኝ ቀጣሪው ቦርድ ይህን ሥርዓት ቢወደው አይፈረድበትም። ቁጣው ሁሉ ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ በሚያፏጭ አንድ ሰው ላይ ይወርዳል፤ ሰውየው ሲሸኝ ቁጣው አብሮት ይሸኛል፤ ቦርዱ ደግሞ በአዲስ ሰው አዲስ ዘመን ያበስራል። በየዓመቱ የሚያስፈልገው አንድ የስንብት ደብዳቤ፣ አንድ የመተዋወቂያ ፎቶና አንድ የአንገት ልብስ ነው።

እንግዲህ የጦና ንቦች ደጋፊ ሆይ፣ የሚቀጥለው አሰልጣኝ ሲሸኝ፣ መሸኘቱ መቼም አይቀርም፣ "ምን ሠርቶልን ሄደ?" ብለህ መጠየቅህን አትተው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሱ ቀጥለህ ግን ወደ ክለቡ ጽሕፈት ቤት ሂድና ሌሎቹን ሁለት ጠይቅ፤ ውሉ ላይ ምን ተጽፎ ነበር? የፈረመው ማን ነው?