ቅመም የበዛበት ውሃ

በዚህ አገር ዶሮ ወጥ የሠራች ባለሙያ ትሞገሳለች፤ ውሃ ያበሰለ ነጋዴ ግን እስከ ዛሬ አንድም ምስጋና አላገኘም። የታሸገውን ውሃ በእሽግ በእሽጉ በሱቁ ደጃፍ ይደረድራል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ያሞቀዋል። ያለ ከሰል፣ ያለ መብራት! አዋሽና ድሬዳዋ ያሉትማ የሙያው ሊቃውንት ናቸው።

ቅመሙ ከወዴት ይመጣል ቢሉ፣ ከጠርሙሱ ከራሱ ነው። ፔት የሚባለው ፕላስቲክ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ አንቲሞኒ የተባለ ንጥረ ነገር ማፋጠኛ ሆኖ ይገባል፤ ጥቂቱም እዚያው ይቀራል። ሙቀት ሲያገኝ ወደ ውሃው ይወርዳል። የአሜሪካዋ አሪዞና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ስሌት፣ የታሸገ ውሃ 60 ዲግሪ ላይ ቢቆይ የአሜሪካን የመጠጥ ውሃ የአንቲሞኒ ገደብ ለማለፍ 176 ቀን ይፈጅበታል፤ 80 ዲግሪ ላይ ግን 2.3 ቀን ይበቃዋል። የእኛ ደጃፍ 80 አለመድረሱ የፀሐይዋ ስንፍና እንጂ የነጋዴው አይደለም። እሱ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል።

ጓዳው ሰፊ ነው። ፕላስቲክ እንዲለዝብ፣ ፀሐይ እንዳያደርቀው፣ እሳት ቶሎ እንዳይበላው፣ ቀለም እንዲይዝ የሚጨመሩት ኬሚካሎች በሺህ ይቆጠራሉ። ብዙዎቹ ውስጡ ተቀመጡ እንጂ ከፕላስቲኩ ጋር አልተሳሰሩም፤ በተመቻቸው ጊዜ ይወጣሉ። ፕላስቲኩ ሲደቅ ደግሞ ውሃ የሚነካው ገጽ ይሰፋልና መውጫው ይበዛል። ስለዚህ ባዶ ሃይላንድ ወንዝ የሚጥል ሰው ቆሻሻ ጣለ አይባልም፤ ቅመም እየወቀጠ ነው።

አውሮፓውያን ግን ጣዕም አያውቁም። ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሠራበትን ቢስፌኖል ኤ (ቢፒኤ) የተባለ ኬሚካል፣ የሴት ሆርሞን ይመስላል ብለው እ.ኤ.አ. በ2011 ከጡጦ አስወጡት። በ2023 የምግብ ደህንነት ባለሥልጣናቸው ሰው በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳም ያለውን መጠን በ20,000 እጥፍ ቀነሰው። ልብ በሉ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የቀድሞው መጠን ምንም አይልም ነበር። በ2024 መጨረሻ ከምግብ ዕቃ ከለከሉት። ፋብሪካዎችም አልሰነፉም፤ «ከቢፒኤ ነፃ» ብለው በትልቁ ጻፉ፤ ብዙ ቦታ በምትኩ የገባው ቢስፌኖል ኤስ ነው። ሥራውም ከወንድሙ ብዙም አይርቅ፤ ስሙ ግን ማስታወቂያው ላይ የለም።

ቅመም የሚገባው ደግሞ ከጠርሙስ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ አካባቢ ዝናብ በጣለ ቁጥር ኮሆ ሳልሞን የተባለው ዓሣ በጅረት ውስጥ ያልቅ ነበር። ገዳዩ እ.ኤ.አ. በ2020 ታወቀ፦ የመኪና ጎማ ቶሎ እንዳይሰነጠቅ የሚጨመር ኬሚካል ከኦዞን ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው መርዝ። ከአስፋልት ላይ የተፋቀ የጎማ ብናኝ ጎርፍ ይዞት ይወርዳል። የአቃቂ ወንዝ ግን ከዚህ ስጋት ነፃ ነው፤ ኮሆ ሳልሞን የለውማ! ከውሃው የሚጠጣው ዳር ዳሩን የተተከለው ጎመንና ሰላጣ ነው፤ እሱን የምንበላው ደግሞ እኛ ብቻ ነን።

«መጠኑ እኮ ትንሽ ነው» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ከአንድ ጠርሙስ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከገደብ በታች ነው። ገደቡ ግን የሚወጣው ለየኬሚካሉ ለየብቻው ነው። እኛ የምንጠጣው ድብልቁን ነው፤ ለድብልቁ ገደብ ያወጣ የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ምሳችንን ትኩስ ሽሮ በፌስታል አስቋጥረን እንጨምርበታለን።

ጌታዬ ባለሱቅ፣ ሙያህን አደነቅን፤ አሁን ይበቃል። ብዙው ጠርሙስ ላይ «ከፀሐይ ብርሃን ርቆ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ተብሎ ተጽፏል። እሽጉን ወደ ጥላ አስገባው። አንተም ገዢው፣ ፀሐይ የመታውን ውሃ ቢሰጥህ መልስለት።